የኋይት ሪምን የብስክሌት ጉዞ ላሰናዳችልን እህታችን የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

በዴንቨርና በኦሮራ የምንኖር፣ በዕረፍት ቀናችን ብስክሌት በመንዳት የምንገናኝ ወዳጆች ባለፈው ጥቅምት በዩታ ግዛት፣ በካንየንላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘውን የኋይት ሪም መንገድ በቡድን ዞረን በሰላም ተመልሰናል። ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ጉዞውን ከመጀመሪያው የስልክ ንግግር አንሥቶ እስከ መጨረሻው ዳገት ላሰናዳችልንና አብራን ለተጓዘችው እህታችን በአደባባይ ምስጋና ለማድረስ፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ጉዞ ለሚያስቡ ወገኖቼ ሥራዋን ለመጠቆም ነው። ስሟ በይፋ እንዲነሣ ስላልፈለገች ፈቃዷን አክብሬ አልጠቅሰውም። በሞአብ ከተማ፣ በፓርኩ ውስጥ ለመሥራት ፈቃድ ባለው አንድ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ጉዞ በማዘጋጀትና በመምራት የምትሠራ፣ ብስክሌት ፈትታ የምትገጥም ባለሙያ መሆኗን ግን መናገር እችላለሁ።

ምን ያህል እንደደከመችልን የሚገባው ቦታውን ለሚያውቅ ሰው ስለሆነ፣ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ሞአብ ከዴንቨር በመኪና ስድስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ከከተማው ወጣ ብሎ አይላንድ ኢን ዘ ስካይ የሚባል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ያለው አምባ አለ፤ በምሥራቅ የኮሎራዶ ወንዝ፣ በምዕራብ ደግሞ የግሪን ወንዝ በጥልቅ ሸለቆዎች ውስጥ ይፈስሳሉ። ከአምባው አፋፍ ወደ 365 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ፣ ነጭ የአሸዋ ድንጋይ እንደ እርከን ተዘርግቶ ይታያል። መንገዱ ስሙንም አቅጣጫውንም ያገኘው ከዚህ እርከን ሲሆን አምባውን ዙሪያውን ሲዞር ርዝመቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ለአቶሚክ የጦር መሣሪያ የሚሆን ዩራኒየም ይፈለግ በነበረበት ዘመን ነው፤ ፓርኩ የተቋቋመውም ከዚያ በኋላ በ1964 ነው። አብዛኛው ክፍል ስልክ አይሠራበትም፣ ሱቅ የለበትም፣ የሚጠጣ ውሃም ከዳር እስከ ዳር አይገኝበትም። እዚያ የተበላሸን መኪና ጎትቶ ለማስወጣት ከ1,000 ዶላር በላይ ሊጠየቅ ይችላል። እንግዲህ ዕድሜያቸውና አቅማቸው የተለያየ ሰዎችን በብስክሌት ወደዚህ ቦታ ይዞ ለመግባት ምን ያህል ኃላፊነት እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግናት እምቢ ስላለችን ነው። የመጀመሪያ ሐሳባችን ልጆች ከትምህርት የሚያርፉበትንና አብዛኞቻችን ፈቃድ የምናገኝበትን የሐምሌን ወር መጠቀም ነበር፤ ከእሷ በፊት ያነጋገርነው ሌላ አዘጋጅም ውሃ በብዛት ከያዛችሁ ችግር የለውም ብሎን ስለነበር ቀን ልንቆርጥ ተቃርበን ነበር። እሷ ግን በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንደሚወጣ፣ ነጩ ድንጋይ ሙቀቱን መልሶ ፊት ላይ እንደሚረጭ፣ በመንገዱ ላይ ለሰዓታት ጥላ የሚሆን አንድም ዛፍ እንደማይገኝ፣ በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዶፍም ድንገተኛ ጎርፍ እንደሚያስከትል በዝርዝር ካስረዳችን በኋላ፣ በሐምሌ ከሆነ እኔ አልወስዳችሁም አለች። በጸደይ ሚያዝያና ግንቦትን፣ በመኸር ደግሞ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለውን ጊዜ እንድንመርጥ ነገረችን፤ እኛም ጥቅምትን መረጥን። ደንበኛ ይቀርብኛል ሳትል እውነቱን መናገሯ በእኔ ዘንድ የሙያዋ የመጀመሪያ ምስክር ነው።

ሁለተኛው እምቢታዋ ስለ ሰው ብዛት ነበር። ወሬው በማኅበራችን ውስጥ ሲሰማ ልሂድ የሚለው ሰው ከቀን ወደ ቀን በዛ። በኋይት ሪም የሚያድር አንድ ቡድን ግን ከ15 ሰውና ከ3 መኪና መብለጥ አይፈቀድለትም። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ጥቂት ሰዎች በሌላ መኪና ተከትለውን ቢመጡ ማን ያያል የሚል ሐሳብ አንሥተው ነበር፤ እሷ ግን በዚህ ላይ ውይይት እንኳ አልከፈተችም። የተረፉት ሰዎች ከፓርኩ የራሳቸውን የጉዞ ፈቃድ አውጥተው በጸደይ እንዲሄዱ መከረች፣ ማመልከቻውንም ከወዲሁ አብራቸው ጀመረች።

ከዚያም እያንዳንዳችንን ለየብቻ በስልክ አነጋገረች። ሳያቋርጡ ስንት ሰዓት መንዳት እንደምንችል፣ የጉልበት ወይም የወገብ ሕመም እንዳለብን፣ የምንወስደው መድኃኒት ካለ፣ ገደል ማየት የሚያስደነግጠን እንደሆነ ጠየቀችን። የመጨረሻው ጥያቄ ለጊዜው እንግዳ ሆኖብኝ ነበር፤ ሼፈር የሚባለው ጥምዝምዝ ቁልቁለት በገደል ጫፍ ሲያወርደን ግን ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። አንዲት የቡድናችን አባል ከፍታ እንደምትፈራ አስቀድማ ስለ ነገረቻት፣ ያንን ክፍል በአጃቢው መኪና እንድትወርድ ማንም ሳያውቅ አመቻችታላት ነበር።

የማደሪያ ቦታዎቹን አመራረጥ በተለይ ላነሣ እወዳለሁ፣ ምክንያቱም የጉዞው መልክ የሚወሰነው በዚህ ነው። በኋይት ሪም እንደ ደረሱ ካምፕ መምረጥ የለም፤ የትኛው ሌሊት በየትኛው ካምፕ እንደሚታደር ፓርኩ በሚሰጠው ፈቃድ ላይ አስቀድሞ ይጻፋል። አውራጃውን የሚያውቁ ሰዎች የሚፈልጓቸው ቦታዎችም ምዝገባው እንደተከፈተ ያልቃሉ። እሷ ምዝገባው በተከፈተበት ዕለት ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ ኤርፖርት፣ መርፊና ሃርድስክራብል የተባሉትን ካምፖች በቅደም ተከተል ያዘችልን። ኤርፖርት ከሼፈር ቁልቁለት በኋላ ብዙም ሳይርቅ ስለሚገኝ የመጀመሪያው ቀን ሰውነታችን ከመንገዱ ጋር የሚላመድበት ሆነ። መርፊ በቀጭን ኮረብታ ጀርባ ላይ የሚገኝ ከመሆኑም በላይ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ነገር ግን ዳገቱን እንደጨረሱ ድንኳን መትከል ይቻላል። ሃርድስክራብል ደግሞ በግሪን ወንዝ አጠገብ ነው። በዚህ አኳኋን እያንዳንዱ ከባድ ዳገት ዕረፍት እንዲከተለው ተደረገ።

የውሃው ስሌት ቀላል ይመስላል፤ ስሕተት ከተፈጠረበት ግን ማረሚያ የለውም። መነሻው ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ነው፤ 14 ሰው ለ4 ቀን ቢጓዝ ለመጠጥ ብቻ 224 ሊትር ይሆናል፣ ይህም ማለት ከሩብ ቶን ብዙም የማያንስ ጭነት ነው። ለማብሰያና ለእጅ መታጠቢያ የሚሆነው፣ እንዲሁም መንገድ ተዘግቶ አንድ ቀን ብንጨምር የሚያስፈልገው መጠባበቂያ በዚህ ላይ ይታከላል። ውሃውን በአንድ ትልቅ በርሜል ከማድረግ ይልቅ በብዙ ጀሪካኖች ከፋፍላ፣ በየጀሪካኑ ላይ የሚጠጣበትን ቀን ጻፈችበት። አንዱ ቢቀደድ ሌላው ይተርፋል፤ ያለቀውንና የቀረውንም ማንኛችንም በዓይናችን ማየት እንችል ነበር።

ስለ ምግቡ ደግሞ የእኛን ሰው ማግኘታችን ምን ያህል እንደጠቀመን ሳልገልጽ ባልፍ ደስ አይለኝም። ወሩ የጽጌ ጾም የሚጾምበት ስለነበር ከመካከላችን በርካቶች ጾመኞች ነበሩ። ለእነሱ የተለየ ነገር ፈልጉ አላለችም። ድርቆሽ እንጀራ በከረጢት አሽጋ ያዘች፤ ማታ ማታ ሽሮና ምስር ወጥ እየሠራች በድርቆሹ ታቀርብልን ነበር። ለመንገድ ደግሞ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በጨው የተበጠበጠ በሶ በየኪሳችን አስያዘችን። ከሱቅ ገዝተን የሄድነው ጣፋጭ የስፖርት ምግብ አብዛኛው ሳይነካ ተመልሷል። ላብ ሲወጣ ጨው አብሮ እንደሚወጣና ባዶ ውሃ ብቻ መጠጣት እንደሚያዳክም እየነገረች በሶውን የምታጠጣን እሷ ነበረች።

ሙያዋን በቅርብ ያየሁት ግን ከመነሻችን በፊት በነበረው ምሽት ነው። ሞአብ እንደደረስን ከመኪና ሳንወርድ ብስክሌቶቻችሁን አምጡ አለችን፤ አንድ በአንድ በማቆሚያው ላይ እየሰቀለች ቸርኬውን አሽከረከረች፣ ካቴናውን ለካች፣ ጎማውን በጣቷ ጫን እያደረገች ፈተሸች። ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ብስክሌታቸውን በቅርቡ ዴንቨር ውስጥ አሠርተው ስለነበር የእኔን አትድከሚበት ብለዋት ነበር። እሷ ግን «ይቅርታ ጋሼ፣ የእርስዎን ሳላየው አልተኛም» ብላ የኋላውን ጎማ ፈታች። የፍሬኑ ሸራ ተበልቶ ብረቱ ሊታይ ምንም አልቀረውም ነበር። በከተማ መንገድ ምናልባት አንድ ወር ያስኬድ ይሆናል፤ ወደ 450 ሜትር በሚወርደው የሼፈር ቁልቁለት ላይ ግን ምን ሊሆን እንደሚችል ለመናገር እንኳ ይከብዳል። ከያዘችው መለዋወጫ አዲስ ሸራ አውጥታ ቀየረች፣ ከዚያም በከተማው መንገድ ላይ ደጋግማ እየነዳች ፍሬኑን በድንገት በመያዝ ሸራው በደንብ እስኪለምድ ድረስ ሞከረችው። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፤ እጇን ይዘው ሳሟት።

በመንገድ ላይም ከፊት አልመራችንም፤ ከፊት ሌላ ሰው አድርጋ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ትነዳ ነበር። በመርፊ ዳገት ግማሾቻችን ወርደን ብስክሌታችንን መግፋት ስንጀምር እሷም፣ መንዳት እየቻለች፣ ወርዳ ከጋሼ ጋር ትገፋ ነበር። በየሃያ ርምጃው እያስቆመቻቸው ውሃ ታጠጣቸው ነበር፤ ትንፋሻቸው ሳይረጋም ጉዞ አትቀጥልም። ቡድኑ አፋፉ ላይ ሆኖ በእልልታ ሲቀበላቸው እሷ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ቆመች።

ለምድሩ የነበራት ጥንቃቄም ትምህርት ሆኖኛል። በመንገዱ ግራና ቀኝ መሬቱን የሸፈነው ጥቁር፣ ሻካራ ቅርፊት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን፣ አልጌና የድንጋይ ሽበት የመሰሉ ነገሮች ተያይዘው የሠሩት እንደሆነ፣ አሸዋው በነፋስና በጎርፍ እንዳይወሰድ የሚይዘውም እሱ እንደሆነ፣ አንድ ጊዜ ቢረገጥ ለማገገም ብዙ ዓመታት እንደሚፈጅበት አስረዳችን። ፎቶ ለመነሣት ከመንገድ የወጣን ሁሉ በድንጋይ ወይም በደረቅ የጎርፍ መውረጃ ላይ እንድንራመድ አደረገችን። እንጨት ማንደድም ክልክል ስለሆነ ምሽታችንን ያሳለፍነው በፋኖስ ብርሃን ነው። አጃቢውን መኪና የነዳልን ወንድማችንም፣ በድንጋያማው መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ታግሦ ያንን ሁሉ ጭነት በማድረሱ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ጥቆማዬ ሙሉ እንዲሆን ሁለት ነገሮችን መጨመር ይገባኛል። አንደኛ፣ ዋጋው ርካሽ ነው ብዬ ማንንም ማሳሳት አልፈልግም፤ ሆኖም ለምን ምን እንደተከፈለ በዝርዝር ጽፋ ስለሰጠችን የተሰወረ ክፍያ አላገኘንም። ሁለተኛ፣ ሥርዓቷ ጥብቅ ነው። ጎሕ ሲቀድ ታስነሣለች፣ ሄልሜት ያላደረገን ሰው አታስነዳም፣ ዝናብ ከዘነበ የሼፈርና በጉዞው መጨረሻ ወደ ላይ የሚያወጣው የሚነራል ቦተም መንገዶች ጭቃ ስለሚሆኑ ጉዞውን እንደምታዘገይ ወይም እንደምትሰርዝ አስቀድማ በጽሑፍ ታስፈርማለች። እንደልቡ መጓዝ የሚወድ ሰው ሊከብደው ይችላል፤ ቤተሰቡን ወይም ታላላቆቹን ይዞ መሄድ ለሚፈልግ ግን ከእሷ የተሻለ ሰው አላውቅም።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉ የቡድናችሁን ብዛት፣ ዕድሜ፣ የጤና ሁኔታና ጾመኞች መኖራቸውን አብራችሁ ግለጹ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ይህንኑ ነው። ሳያድሩ በአንድ ቀን ለመዞር የምታስቡ ብርቱዎችም ብትሆኑ የቀን ፈቃድ እንደሚያስፈልጋችሁ፣ ውሻ ደግሞ በመኪና ውስጥ እንኳ ሆኖ በዚህ መንገድ እንደማይፈቀድ እወቁ። ለሚያዝያና ለግንቦት የሚሆኑት ካምፖች ከወራት በፊት ስለሚያዙ፣ ለመጪው ጸደይ የምታስቡ ከአሁኑ ብትደውሉላት ይሻላል።