ሪዮ፣ ኖማድ፣ አርኮስ ወይስ አይፖድ? የድሮ ሙዚቃ ማጫወቻ መግዛት ለምታስቡ

ሰሞኑን «የድሮ ዲጂታል ሙዚቃ ማጫወቻ ልግዛ» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ስልኩን ወዲያ አድርጎ፣ መልእክት ሳያቋርጠው፣ አንድ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስማት ያማረው ሰው ነው። በጣም ነው ደስ የሚለኝ። እኔ ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ዛሬ የማወዳድራቸው አራቱም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ታዲያ ጠያቂዎቼ ሁሉ የሚጀምሩት ከአንድ ጥያቄ ነው፦ «ስንት ዘፈን ይይዛል?»

ዕቃዎቹ አዲስ በነበሩ ጊዜ ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድመዋል። ዘፈኑ በምን ገመድ ይገባል? ባትሪው ሲሞትስ በምን ይተካል? ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ማጫወቻ ድምፁ እምብዛም አይበላሽም። ከጥቅም ውጭ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ገመዱ ወይም ባትሪው ነው። እኔም የማወዳድራቸው በዋናነት በእነዚህ በሁለቱ ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በዕድሜ ትልቁ ሪዮ ፒኤምፒ300 ነው። ዳይመንድ መልቲሚዲያ በ1998 በ200 ዶላር ገደማ ለገበያ አወጣው። ከእሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ኤምፒማን ኤፍ10 የሚባል የኮሪያ ማጫወቻ ወጥቶ ነበር፤ ስሙ በሰው አፍ የገባው ግን ሪዮ ነው። አንዱ ምክንያት ክሱ ነው። የአሜሪካ የሙዚቃ ቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር ሽያጩን ለማስቆም ፍርድ ቤት ሄደ። ነገሩ ይግባኝ ድረስ ደረሰና በ1999 ለሪዮ ተፈረደ። ፍርድ ቤቱ፣ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የራሱን ፋይል ወደ ኪሱ ዕቃ ማዛወሩ ሕጉ የሚከለክለው ነገር አይደለም አለ። ከዚያ በኋላ የመጡት ማጫወቻዎች ሁሉ መንገዳቸው የተጠረገው በዚያ ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው ሪዮን ሳነሳው እጄ የሚጠነቀቀው።

ለመስማትስ? የውስጥ ማኅደሩ 32 ሜጋባይት ነው። በሰከንድ 128 ኪሎቢት ጥራት የተሠራ ኤምፒስሪ የሙዚቃ ፋይል በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ስለዚህ የሚይዘው ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ ከዚያ ጥቂት አለፍ የሚል ሙዚቃ ነው። ስማርትሚዲያ የሚባል የሜሞሪ ካርድ ጨምሮ ማስፋት ይቻላል፤ ካርዱ ግን ራሱ የሚፈለግ ዕቃ ሆኗል። በባትሪ ግን ከአራቱ እሱን የሚያህል የለም። አንድ ኤኤ ድንጋይ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ በሷ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይሄዳል። ውስጡ የሚሽከረከር ዲስክ ስለሌለ ሩጡበት፣ ዝለሉበት፣ አይቆራረጥም።

መከራው ያለው ገመዱ ጋ ነው። ዘፈን የሚገባው በፓራለል ፖርት ነው፤ ያ የድሮ ፕሪንተር የሚሰካበት ሰፊ መሰኪያ። የማጫወቻው ጎን ላይ ያለው መሰኪያ ደግሞ የራሱ የሪዮ ብቻ ነው፤ ሌላ ገመድ አይገባበትም። እኔ የመጀመሪያውን የገዛሁት «ሙሉ ዕቃ ነው» ካለኝ ሻጭ ነበር። ሳጥኑን ስከፍት ማጫወቻው አለ፣ መመሪያው አለ፣ የጆሮ ማዳመጫው አለ። ገመዱ የለም። አራት ወር ሙሉ ጠረጴዛዬ ላይ እንደ ጌጥ ተቀመጠ። ገመድ ሳገኝ ደግሞ ዊንዶውስ 98 ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ማስነሳት ነበረብኝ። ሪዮን የምመክረው ታሪኩን ለሚወድና እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ላለው ሰው ነው። ሌላው ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ፍልሚያ እንግባ። ክሪኤቲቭ ኖማድ ጁክቦክስና አርኮስ ጁክቦክስ 6000። ሁለቱም በ2000 የወጡ ናቸው። ሁለቱም 6 ጊጋባይት ይይዛሉ። ሁለቱም ውስጣቸው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ አለ። ሁለቱም አራት አራት ቻርጅ የሚደረግ ኤኤ ባትሪ ይወስዳሉ፤ ሁለቱም በመጀመሪያው ዩኤስቢ ነው የሚሠሩት። ወረቀት ላይ መንትያ ናቸው። እጅ ላይ ግን ጨርሶ አይገናኙም።

ኖማድ ቅርጹ የሲዲ ማጫወቻ ነው። የማያውቅ ሰው ሲያየው ክዳኑን ሊከፍት ይሞክራል። ክብደቱ ወደ 400 ግራም ይጠጋል፤ ኪስ ውስጥ የሚገባ ነገር አይደለም። በምትኩ ሌሎቹ የማይሰጡትን ይሰጣል። ስክሪኑ ሰፊ ነው። ከኋላው ሁለት የድምፅ መውጫ ስላለው አራት ስፒከር ይሰካበታል። ከውጭ ድምፅ ማስገቢያም አለው፤ ቀጥታ መቅረጽ ይቻላል። የድምፅ ማስተካከያው ብዙ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ያለህ የሚያስመስል፣ ባዙን የሚያከብድ፣ ምኑ ቅጡ። ባለቤቶቹ የሚወዱት ቤት ውስጥ፣ ከቴፑ አጠገብ አስቀምጠው ነው። እኔም እንደዚያው ነው የምጠቀምበት፤ መደርደሪያ ላይ ያምርበታል።

የሚጠሉት ነገርም አንድ ዓይነት ነው። አራት ባትሪ በልቶ 4 ሰዓት ገደማ ነው የሚጫወተው። ሲበራም ቶሎ አይነሳም። ዘፈን ለማስገባት ደግሞ የራሱን ሶፍትዌርና ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያውቅ የሚያደርግ ፕሮግራም) ይፈልጋል፤ ያ ድራይቨር የተሠራው ለድሮ ዊንዶውስ ነው። ዛሬ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁት ዝም ቢላችሁ ማጫወቻው ተበላሽቷል አትበሉ። ኮምፒውተሩ ስላላወቀው ነው።

አርኮስ ሌላ ፍጥረት ነው። ወፍራም፣ ብርማ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ሰማያዊ የጎማ መከላከያ የተደረገለት። ቁንጅና አይባልም። ስክሪኑ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ በአንድ መስመር 11 ፊደል። ረጅም የዘፈን ስም ካለ እየተንፏቀቀ እስኪያልፍ ትጠብቃላችሁ። ታዲያ ለምን ይወደዳል? ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ተራ ዲስክ ስለሚከፈት። ፎልደር ትፈጥራላችሁ፣ ዘፈን ጎትታችሁ ታስገባላችሁ፣ አለቀ። አንዳንድ ኮምፒውተር ድራይቨር ሊጠይቅ ይችላል። ያን ጊዜም መላ አለው፤ ውስጡ ያለው ዲስክ የተለመደ የላፕቶፕ ዲስክ ስለሆነ ፈትታችሁ በአዳፕተር ማንበብ ትችላላችሁ።

የፎልደሩን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ኖማድም አይፖድም ዘፈን የሚደረድሩት ፋይሉ ውስጥ በተጻፈው መረጃ ነው፤ ዘፋኙ፣ አልበሙ፣ ዓመቱ። መረጃው ከሌለ ወይም ከተሳሳተ ግማሹ ስብስባችሁ «ያልታወቀ» በሚል ስም ስር ይከመራል። አርኮስ ግን ራሳችሁ እንዳስቀመጣችሁት ነው የሚያሳያችሁ። የኔው ሲመጣ ውስጡ የቀድሞ ባለቤቱ ዘፈኖች ነበሩ። አንዱ ፎልደር «ለረጅም መንገድ» ይላል። ሃያ ሦስት ዘፈን አለው፤ ቅደም ተከተሉ በቁጥር ተሠርቷል፤ ከእያንዳንዱ ኃይለኛ ዘፈን በኋላ አንድ ለስላሳ አለ። ሰው ተጨንቆበት የሠራው ድርደራ ነው። እስካሁን አላጠፋሁትም።

አርኮስን የሚያስመርጠኝ ሌላው ነገር ሮክቦክስ ነው። በ2001 ማብቂያ አካባቢ ጥቂት ፕሮግራመሮች የአርኮስ የራሱ ሶፍትዌር አላረካቸው ብሎ ከዜሮ አዲስ ጻፉለት። በነፃ ነው የሰጡት። ከዚያ ወደ ብዙ ሌሎች ማጫወቻዎች ተስፋፋ። ሮክቦክስ ሜኑውን በድምፅ እየተናገረ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል፤ ለዓይነ ስውራን ትልቅ ነገር ነው። አንድ ዕቃ ከተሠራ በኋላ በተጠቃሚዎቹ እጅ እንዲህ ሲሻሻል ማየት እኔን እስከዛሬ ይነካኛል።

እንከኑንም ልንገራችሁ። በዚህ ሞዴል የታወቀ ችግር አለ፤ ባትሪዎቹን የሚይዘው ብረት ከሰርኪዩት ቦርዱ ጋር የተበየደበት ቦታ እየላላ ይሄዳል። ማጫወቻው ሲነካ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ጋ እዩ። ብየዳ የሚያውቅ ሰው ያስተካክለዋል። በአርኮስም በኖማድም ላይ ደግሞ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ቻርጅ የማይደረግ ተራ ድንጋይ ከትታችሁ ቻርጀር እንዳትሰኩ። አደገኛ ነው።

ወደ አይፖድ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። አፕል በጥቅምት 2001 አስተዋወቀው፤ በ399 ዶላር። 5 ጊጋባይት ነው፤ ከኖማድና ከአርኮስ ያንሳል። ሆኖም ዲስኩ 1.8 ኢንች የሆነ ትንሽ የቶሺባ ሥራ ስለነበር ዕቃው 184 ግራም ብቻ ሆነ። ከኖማድ ግማሽ አይሞላም። አንድ ቻርጅ 10 ሰዓት ይባልለት ነበር። 32 ሜጋባይት ጊዜያዊ ማኅደር ስላለው ዘፈኑን አስቀድሞ ጭኖ ዲስኩን ያሳርፈዋል፤ ባትሪ የሚቆጥበውም፣ ስንራመድ የማይዘለውም በዚህ ነው።

ዘፈን የሚመረጥበትን፣ ፊቱ ላይ ያለውን ክብ መንኮራኩር ግን በቁጥር መግለጽ አይቻልም። የመጀመሪያው አይፖድ መንኮራኩር በእውነት ይዞራል፤ የኋለኞቹ በመንካት ብቻ የሚሠሩ ናቸው። አውራ ጣታችሁን ስታዞሩ ትንሽ ይከብዳል፣ ከዚያ ይለቃል፣ ከውስጥ ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ ይከተላል። ቶሎ ስታዞሩ ዝርዝሩም ይፈጥናል። ከአንድ ሺህ ዘፈን መሃል የምትፈልጉት ላይ ለመድረስ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። አርኮስ ላይ ያንኑ ለማድረግ ቁልፍ ስትጫኑ ትውላላችሁ። አጠቃቀም ላይ ውድድር የለም፤ አይፖድ ያሸንፋል።

በገመድስ? ያኔ አንደኛ ነበር። አይፖድ የሚጠቀምበት ፋየርዋየር የሚባለው ገመድ በሰከንድ እስከ 400 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ የነኖማድ ዩኤስቢ 12 ብቻ ነበር። አይፖድ በደቂቃዎች ሲሞላ ኖማድና አርኮስን መሙላት ሰዓታት ይፈጅ ነበር። ዛሬ ግን ያ ጥንካሬው ድካሙ ሆኗል። የመጀመሪያው አይፖድ ቻርጅ የሚደረገውም፣ ዘፈን የሚገባውም በፋየርዋየር ብቻ ነው። ይህ መሰኪያ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ የለም። በዚያ ላይ የተሠራው ለማክ ብቻ ነበር፤ ለዊንዶውስ የሚሆነው የመጣው በ2002 ነው። ዘፈኖቹ የሚቀመጡት በተደበቀ ፎልደር ስለሆነ መልሶ ለማውጣትም ያስቸግራል።

ባትሪው የታሸገ ነው። ኤኤ ድንጋይ ገዝታችሁ የምትተኩት አይደለም። የጀርባውን ብረት በስስ ፕላስቲክ ፈልቅቆ ማውጣት ይጠይቃል፤ ጀርባው ደግሞ ገና ስትነኩት የሚጫር መስታወት መሰል ብረት ነው። ምትክ ባትሪ ይገኛል፤ ለዲስኩም በሜሞሪ ካርድ የሚተካ አዳፕተር አለ። እጁ የሚታዘዝለት ሰው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ፈርታችሁ የምትተዉት ሥራ አይደለም፤ ግን ሳታስቡበት አትግዙት።

ስለ ድምፅ ጥራት ባለቤቶች ሲከራከሩ አይሰለቻቸውም። እኔ አንድ ዓይነት ፋይል አራቱም ላይ ጭኜ፣ በአንድ የጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። በኖማድና በአይፖድ መካከል ለኔ ጆሮ የሚያጣላ ልዩነት አላገኘሁም። ያንኑ ዘፈን በ128 ሳይሆን በ192 ኪሎቢት ተሠርቶ ስሰማው ግን ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ። ገንዘባችሁን ደህና የጆሮ ማዳመጫ ላይ አውሉት። ሪዮና አርኮስ ኤምፒስሪ ብቻ እንደሚያጫውቱም እወቁ፤ ሌላ ዓይነት ፋይል ያለው ሰው መቀየር አለበት።

እንግዲህ ምርጫዬ ይኸው። በየቀኑ ይዞት የሚወጣ፣ ሶፍትዌር የሰለቸው ሰው አርኮስን ይውሰድ። ድንጋዩ ዘላለም ይገኛል፣ ዲስኩ ይተካል፣ ዘፈኑ ተጎትቶ ይገባል። ማክ ከፋየርዋየር ጋር ያለው፣ ጥገና የማይፈራ ሰው አይፖድን ይግዛ፤ መንኮራኩሩን ካዞረ በኋላ አይጸጸትም። ኖማድ ቤት ለሚቀመጥና አሮጌ ዊንዶውስ ላለው ነው። ከአራቱ አንዱም ካልተመቻችሁ ጥቂት ዓመት ወደፊት ዝለሉና በ2003 የወጣውን አይሪቨር አይኤችፒ-120 ፈልጉ። 20 ጊጋባይት ነው፣ ፈጣኑ ዩኤስቢ አለው፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ዲስክ ይከፈታል፣ በፋይበር ገመድ ዲጂታል ድምፅ ያስገባል ያስወጣል። ሮክቦክስም ይጫንበታል። ባትሪው ግን እንደ አይፖድ የታሸገ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ገመዱን ከማጫወቻው ጎን አስቀምጦ ፎቶ ያንሳላችሁ። ሁለተኛ፣ የባትሪ ቤቱን ከፍቶ ያሳያችሁ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ካለ ድንጋይ ፈስሶበታል። ሦስተኛ፣ ማጫወቻው ሲነሳና አንድ ዘፈን ሲጀምር ቪዲዮ ይላክላችሁ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት። ዲስክ ያለው ማጫወቻ ሲነሳ ቀጭን የመሽከርከር ድምፅ ቢያሰማ ደህና ነው። ቋ፣ ቋ እያለ የሚደጋግም ከሆነ ዲስኩ እየሞተ ነው፤ ዋጋውን በዚያው ልክ ቀንሱ፣ ወይም እለፉት።