20ደብሊው50 ዘይት በደሴ ብርድና በባቲ ሙቀት፦ ከወራት በኋላ

ከመስከረም ጀምሮ ሞተር ሳይክሌ ላይ የምጠቀመው 20ደብሊው50 ሚነራል ዘይት ነው። ዘይቱንም ፊልትሮውንም የምቀይረው ራሴ ነኝ፤ ደሴ፣ ግቢዬ ውስጥ። ሞተሬ ባለ 150 ሲሲ ነው። የዘወትር ሥራው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ መውጣትና መውረድ ነው። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ዕቃ ጭኜ ባቲ ገበያ እወርዳለሁ።

ይሄ መንገድ ዘይት ይፈትናል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850፣ ባቲ 1,500 አካባቢ። ጠዋት ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ አስነስቼ፣ ቀትር ላይ ባቲ ፀሐይ ላይ አቆማታለሁ። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል። ከኋላ ያለው ደግሞ ሲግል ውፍረቱን ምን ያህል እንደሚይዝ።

በሙቀቱ በኩል ዘይቱ አኩርቶኛል። ከባቲ ስመለስ፣ ጭነት ይዤ ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ ስወጣ የሞተሩ ድምፅ አይቀየርም። ማርሹም ሳያንገራግር ይገባል። ቅር የሚለኝ ጠዋት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቶሎ አይነሳም፤ ማርሹም መጀመሪያ ላይ ይደርቃል። ትንሽ ሳይሞቅ ነዳጅ መስጠት አያዋጣም።

ከቁጥሩ በላይ ግን አደራ የምላችሁ የዘይቱን ዕቃ ጀርባ እንድታነቡ ነው። የአብዛኛው ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን (የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚለያየው) ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። ካምቢዮውም (የማርሹ ቤት) የሚለሰልሰው በዚያው ዘይት ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ነዳጅ እንዲቆጥቡ የሚያንሸራትት ቅመም ተጨምሮባቸዋል። ለመኪና መልካም ነው፤ ለኛ ፍሪሲዮን ግን ጠላት ነው። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይከተልም። ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል፣ ዘይቱ ለእንዲህ ዓይነቱ ፍሪሲዮን እንደሚሆን የሚያሳይ ምልክት ከሌለበት፣ ሻጩ «አብሽር፣ ለሁሉም ይሆናል» ቢላችሁም ተዉት። የማርካው ስም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ቤት መቀየሩ ከባድ አይደለም። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አስነስቼ ሞቅ ሲል አጠፋለሁ። ሳፋ ከሥር አድርጌ ታፖውን፣ ማለትም የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን፣ እፈታለሁ። የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ቶሎ ይወርዳል፤ ግን ያቃጥላል፣ እጅ ይጠበቅ። የወረደውን በሁለት ጣት አሸት አድርጌ ፀሐይ ላይ አየዋለሁ። መጥቆሩ አያስደነግጥም። የሚያብለጨልጭ የብረት ፍርፋሪ ከታየ ግን መካኒክ ጋ መሄድ ነው።

የኔ ፊልትሮ ወረቀት ነው፤ በሦስት ቡሎን የታሰረች ትንሽ ክዳን ውስጥ ይቀመጣል። ሳወጣው ስፕሪንጉና ፊልትሮው በየት በኩል እንደዞሩ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። የክዳኑን ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) አዲስ ዘይት ቀብቼ እመልሳለሁ፤ የተሰነጠቀ ከሆነ እቀይረዋለሁ። ፊልትሮ ስትገዙ ኦሪንጉንና የታፖውን ሮንዴላ አብራችሁ ግዙ። ዋጋቸው ምንም አይደል፤ ማንጠብጠብ ግን የሚጀምረው ከእነሱ ነው።

ታፖውን መጀመሪያ በእጅ ነው የማስገባው። ጥርሱ መያዙን ሳላረጋግጥ ቁልፍ አላስነካውም። የሞተሩ ሆድ አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት ከታሰረ ጥርሱ ይበላል፤ ያ ደግሞ ከዘይቱ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገት ቆርጬ ዘይቱን በዚያ እጨምራለሁ። ትንሽ አስነስቼ አጠፋለሁ፤ ዘይቱ እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ከዚያ ሞተሩን ቀጥ አድርጌ ልኩን አያለሁ። በጎን እግሩ ዘንበል ብሎ የታየ ልክ ያሳስታል።

አሮጌውን ዘይት እባካችሁ ቦይ ውስጥ አትድፉ። የደሴ ቦይ መጨረሻው ቦርከና ነው፤ ታች ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል። እኔ በጀሪካን አጠራቅሜ ጋራዥ እሰጣለሁ።

ደሴ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ፣ በተለይ ጎህ ሳይቀድ ለሚወጣ፣ የሞተሩ መመሪያ ከፈቀደ 10ደብሊው40 ይሻለዋል። እኔ ባቲ እስከወረድኩ ድረስ ከ20ደብሊው50 አልወጣም።