«ዘ ሀንገር ጌምስ» ለ11ኛ ክፍል ማስተማሪያነት ሲመዘን

ሱዛን ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመችውን ይህን ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ሀዋሳ ውስጥ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አስተምሬበታለሁ። ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው 24 ልጆች አንድ ብቻ እስኪቀር እንዲገዳደሉ የሚገደዱበት ታሪክ ጨለማ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ሆኖም ዋና ገጸ ባሕሪዋ ካትኒስ ራሷ ስለምትተርከው ቋንቋው አይከብድም፣ መዝገበ ቃላት ሳይገልጡ የሚዘልቁ ተማሪዎችም ጥቂት አይደሉም። ከ24ቱ ልጆች አንዷ የሆነችው የካትኒስ አጋር ትንሿ ሩ በጦር ተወግታ ስትሞት ካትኒስ አስከሬኗን በአበባ የምታለብስበት ምዕራፍ ላይ ግን መቸኮል አይገባም፤ ሐዘን የደረሰበት ተማሪ ካለ አስቀድሞ ማነጋገር ይበጃል። የፍቅር ታሪኩ፣ ልጆቹ ባይስማሙኝም፣ አሰልቺ ነው። ትልቁ ችግር የቅጂ እጥረት ነው፤ አንዱን መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ ከማካፈል ይልቅ ምዕራፎቹን ክፍል ውስጥ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይሻላል።