ፊቴን ሳትጎዳ ጢሙን ላነሳችልኝ የሜካፕ ባለሙያ

በቅርቡ በጨረስነው ቲያትር የሽማግሌ ገጸ ባህሪ ነበር የተጫወትኩት። ረጅም ነጭ ጢም፣ ከሲሊኮን የተሰራ የተጨማደደ ግንባር፣ ጉንጭ ላይ ትልቅ ጠባሳ። ይህን ሁሉ የሰራችልኝን ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግናት እፈልጋለሁ። ስሟ እንዲጻፍ ስላልፈለገች ትቼዋለሁ።

ተመልካቹ ጢሙን አይቶ አድንቋል። እኔን ያስደነቀኝ ግን መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ የምትሰራው ስራ ነው። ከዚህ በፊት በሌላ ስራ ላይ ጢም የለጠፈልኝ ሰው ስንጨርስ ጫፉን ይዞ ገነጠለው። ቆዳዬ አብሮ ተላጠ። ምላጭ እንኳ ማስጠጋት አቃተኝ። ስለዚህ እሷ ፊት ስቀመጥ ፈራ ተባ እያልኩ ነበር።

እሷ ከጥያቄ ነው የጀመረችው። ላቴክስ (የጎማ ጓንት የሚሰራበት ነገር) ቆዳህን ያስቆጣዋል ወይ? ፕላስተር ስትለጥፍ ቆዳህ ይቀላል ወይ? ከዚያ ከየማጣበቂያው ትንሽ ትንሽ የክንዴ ውስጠኛ ክፍል ላይ ቀብታ 24 ሰዓት አስጠበቀችኝ። አንደኛው አሳከከኝ። ወዲያው ተወችው።

ለጢሙ የመረጠችው ስፒሪት ገም ነው፤ ሙጫ በአልኮል ሟሙቶ የሚሰራ። አልኮል ስላለው ሲቀባ እሳትም ሲጋራም አጠገቡ አይደርስም። ለግንባሩና ለጠባሳው ደግሞ ለቆዳ ተብሎ የተሰራ የሲሊኮን ማጣበቂያ ተጠቀመች። ለየማጣበቂያው የሚስማማውን ማስለቀቂያ ለይታ ይዛለች።

አንድ ምሽት በትዕይንት መሃል በላብ ምክንያት የጢሙ ጠርዝ ተነሳ። አንድ የስራ ባልደረባችን ሱፐር ግሉ ይዞ ሮጠ። "በፍጹም!" አለችው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ቆዳን ከቆዳ ያጣብቃል። የሚያሟሟው አሴቶን ደግሞ አይን አካባቢ የሚነካ ነገር አይደለም። ተረጋግታ ላቡን አደረቀች፣ ስፒሪት ገሙን ደግማ ቀባች፣ ተጭና ያዘችው። ወደ መድረክ ተመለስኩ።

ስታነሳው ደግሞ ማየት ነው። ማስለቀቂያውን በብሩሽ ጠርዙ ላይ ትቀባለች፤ ትጠብቃለች። ጠርዙ ራሱ ሲላቀቅ ብሩሹን ከስር አስገብታ እንደገና ታረጥበዋለች። እምቢ ካለ ትጨምርበታለች እንጂ አትጎትትም። አይን አጠገብ ስትደርስ በጥጥ እንጨት ጥቂት ብቻ ትነካካለች፤ ወደ አይን እንዳይወርድ ከታች ሶፍት ትይዛለች። መጨረሻ ላይ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጥባለች። የማስለቀቂያው ቅባት ፊት ላይ ከቀረ በማግስቱ ማጣበቂያው አይዝም። ክሬም ቀብታ ነው የምትሸኘኝ። ቲያትሩ እስኪያልቅ አንድ ሽፍታ አልወጣብኝም።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ!

ለቲያትርም ሆነ ለፊልም ባለሙያ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትቀጥሯት ግን ሜካፑን የምታነሳበትን ሰዓትም ፕሮግራማችሁ ውስጥ አስገቡላት፤ ቶሎ ጨርሺ ብትሏት እሺ አትልም።