ያጉረመርማል፣ ግን አልሸጠውም

ስምንት ወር አብሮኝ ከርሟል። ስለዚህ የምነግራችሁ የመጀመሪያ ሳምንት ፍቅር አይደለም።

የማወራው ስለ አንድ አሮጌ ሴሚ ሆሎው (ሆዱ በከፊል ባዶ የሆነ) ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጃፓን ውስጥ የተሠራ፣ የአሜሪካው ጊታር ሠሪ የጊብሰን ኢኤስ 335 ኮፒ። ራሱ ላይ የነበረው ስም ተፍቆ ጠፍቷል። ከጀርባው፣ አንገቱ የታሰረባት ብረት ላይ «ሜድ ኢን ጃፓን» ይላል፣ በቃ። አንገቱ የተያዘው በአራት ብሎን ነው። ዋናው ጊብሰን በኮላ ስለሚጣበቅ የእኔው ኮፒ መሆኑ ከጀርባው ያሳብቃል። አላፈርኩበትም።

የገዛሁት ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ከሚኖሩ አንድ የድሮ ሙዚቀኛ ነው። በጉብዝናቸው ወራት ከሆቴል ሆቴል ሲጫወቱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አሁን ጣቶቻቸው እምቢ ብለዋቸዋል። 45 ሺህ ብለው ጀመሩ፤ ቡና ተጠጥቶ፣ ስለ ድሮ ዘመን ተወርቶ፣ እንደገና ቡና ተጠጥቶ 38 ሺህ ላይ ተጨባበጥን። ሳጥን ስላልነበረው በጋቢ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሀምበከር ነው። ጩኸት ምናምን አያውቅም» አሉኝ። ሀምበከር የክሩን ድምፅ ለቅሞ ጉርምርምታውን የሚያጠፋ ፒክአፕ ነው።

«እሺ ጋሼ» ብዬ ባጃጅ ያዝኩ። እዚህ ላይ ጋሼ ትንሽ ተሳስተዋል፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ሰው ለምን በዚህ ዓይነት ጊታር እንደሚያብድ ልንገራችሁ። ጊብሰን 335ን ያወጣው በ1958 ነው። ከዚያ በፊት ምርጫው ሁለት ነበር ማለት ይቻላል። ወይ ሆዱ ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆነ ትልቅ የጃዝ ጊታር፣ ድምፁ የሚያምር፣ አምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ከፍ ስታደርጉት ግን የሚያፏጭ። ወይ ደግሞ ድፍን እንጨት፣ የማያፏጭ፣ ለእኔ ጆሮ ግን ትንሽ ደረቅ ያለ። 335 ላይ ሰውነቱን አሳሱትና መሀሉ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ የሜፕል እንጨት ጉማጅ አስገቡበት። ክሮቹ የሚያርፉት ድፍኑ ላይ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ክንፎች ግን ባዶ ናቸው። በነገራችን ላይ ሰውነቱ ኮምፔንሳቶ ነው። ዛሬ በአሜሪካ የመኪና ዋጋ የሚጠራበት የድሮው 335 ሳይቀር ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ነው። «ኧረ ይሄ ኮምፔንሳቶ ነው» እያለ ዕቃ የሚያጣጥል ጓደኛዬ ይህን ስነግረው ለአንድ ደቂቃ ያህል ዝም አለ፣ ከስንት አንዴ።

ክራር ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ክራር የሚናገረው ሆዱ ባዶ ስለሆነ ነው። ይሄም ጊታር እንደዚያው ነው። አምፕ ሳትሰኩ አልጋ ላይ ቁጭ ብላችሁ ብትመቱት እንኳ ደረታችሁ ላይ ይሰማችኋል።

እናንተም ልትገዙ ከሆነ አንድ ነገር አድርጉ። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ የኤፍ ቅርፅ ባለው ቀዳዳ ወደ ውስጥ እዩ። መሀሉ ላይ እንደ ግድግዳ የቆመ እንጨት ካያችሁ ሴሚ ሆሎው ነው። ብርሃኑ ሳይከለከል ተሻግሮ ሌላኛውን ቀዳዳ ካበራው ሆዱ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው፣ ልክ እንደ ኢፒፎን ካሲኖ። ካሲኖ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ እንዲያውም ግሩም ጊታር ነው፤ ግን ከድራሙ አጠገብ ቆማችሁ ድምፅ ከፍ አድርጋችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ያፏጭባችኋል። የእኔው ግድግዳ አለው። ከግድግዳው ሥር አንድ የጠፋ ፒክ (የክር መምቻ)፣ ብዙ አቧራና የደረቀ የፌንጣ ሬሳም ነበር።

አሁን ወደ ጋሼ ሀምበከር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ። የምንጫወትበት ሆቴል ስሙ ይቅር። መድረኩ ከኩሽናው ጎን ነው፣ ከግድግዳው ጀርባ ሁለት ትልልቅ ፍሪጆች አሉ፣ ከላያችን ደግሞ የሚያንሰፈስፍ ረጅም አምፖል። ሰካሁት። ዝዝዝዝም። ንብ ቀፎ ውስጥ የገባሁ ነው የመሰለኝ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ጉርምርምታው ጂ ከሚባለው ኖታ ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ነው፤ በጂ ስንጫወት ቤዝ ጊታር የተጨመረ ይመስላል፣ በሌላ ቁልፍ ግን ጉድ ነው። ኪቦርዲስታችን «ፍሪጁንም ባንድ ውስጥ አስገባኸው?» አለኝ።

ሀምበከር እንዲህ ማድረግ የለበትም። ስሙ ራሱ ጉርምርምታን ማጥፋት ማለት ነው። ፒክአፕ ማለት ማግኔት ላይ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ክሩ ማግኔቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ እሱ ነው ወደ አምፑ የሚሄደው። ችግሩ ሽቦው እንደ አንቴና የፍሪጁንም የአምፖሉንም ረብሻ አብሮ ይለቅማል። ጊብሰን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሴዝ ላቨር በ1955 መላ አመጣ፦ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን፣ ማግኔታቸውም የሽቦው አዟዟርም የተገላበጠ። ከውጭ የሚመጣው ረብሻ በሁለቱ ላይ ተቃራኒ ሆኖ ስለሚገባ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለት እኩል ጉልበተኞች ገመድ ሲጓተቱ ገመዱ ባለበት እንደሚቆመው ማለት ነው። የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ለዚህ ነው ሀምበከር ወፈር የሚለው። የመጀመሪያዎቹ ከሥራቸው «ፓተንት አፕላይድ ፎር» (የፈጠራ መብት ተጠይቋል) የሚል ወረቀት ስለተለጠፈባቸው ሰዉ እስከ ዛሬ ፒኤኤፍ ይላቸዋል። ፈቃዱ የተገኘው በ1959 ነው። አጠቃለላቸው ወጥ ስላልነበረ አንዱ ጥቅል 5 ሺህ ዙር ገደማ ይሆናል፣ ሌላው ይበልጣል ወይ ያንሳል፣ ስለዚህ ሁለት ፒኤኤፍ አንድ ዓይነት ድምፅ አያወጣም። ሰብሳቢዎቹን ያሳበዳቸው አንዱ ነገር ይሄ ነው።

የእኔን ወደ አንድ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ወሰድኩት። ጊታር ከፍቶ አያውቅም፣ እጁ ግን ወርቅ ነው። የሚያብረቀርቀውን የፒክአፑን የብረት ክዳን ስታኞውን አቅልጦ አነሳው። ሁለታችንም አጎንብሰን አየን። አንድ ጥቅል! መሀል ላይ አንድ ቀጭን ጥቅል፣ ግራና ቀኙ ባዶ። በዚያ ዘመን ብዙ የጃፓን ኮፒዎች እንዲህ ነበሩ፤ ልብሱ የሀምበከር፣ ውስጡ ባለ አንድ ጥቅል። ጋሼም አልዋሹኝም፣ ክዳኑን ከፍተው አያውቁም።

ጠጋኙ ልጅ «አውጥተን በአዲስ እንቀይረው?» አለ። እሺ ልል ነበር። ከዚያ ደግሞ ያን ማታ ከጉርምርምታው በላይ የሰማሁት ትዝ አለኝ። የአንገት በኩሉ ፒክአፕ ላይ አድርጌ ትዝታ ስጫወት፣ ኖታው ከተመታ በኋላ ትንሽ ያብብና ቀስ ብሎ ይሞታል። ድፍኑ ጊታሬ ላይ ይሄ የለም። አንድ ጥቅል ስለሆነ ደግሞ ጥርት ይላል፤ ባቲ ላይ ፈጠን ብላችሁ ስታንሸራትቱ እያንዳንዷ ኖታ ለብቻዋ ትሰማለች። ጥሩ ሀምበከር ይህን ድምፅ ያወፍረው ነበር። «ተወው» አልኩት።

የቀየርነው ቮልዩሞቹንና የጃኩን መሰኪያ ብቻ ነው። ይሄም ቀላል እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ያለ ሴሚ ሆሎው ከጀርባው ክዳን የለውም፣ ዕቃው ሁሉ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያች የኤፍ ቀዳዳ ነው። ልጁ እያንዳንዱ ቮልዩም ላይ የልብስ ስፌት ክር አሰረ፣ ወደ ሆዱ ከተተው፣ ከዚያ ክሩን በራሱ ቀዳዳ በኩል ቀስ አድርጎ ጎተተ። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ እንደሚያጠምዱት ልጆች ትንፋሹን ይዞ። ሦስቱ ወጡ። አራተኛው ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ ምሳም አስረሳን። በሠራበት ልክ አላስከፈለኝም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩለት።

አንድ ነገር ልጨምር። አፋችሁን ፒክአፑ ላይ አስጠግታችሁ «ሄሎ» በሉ። የእኔ ከአምፑ «ሄሎ» ብሎ ይመልሳል። ሽቦው በሰም ስላልተነከረ ይላላል፣ እንደ ማይክም ይሰማል። የድሮዎቹ ፒኤኤፎችም በሰም አልተነከሩም ነበር። ድምፅ ከፍ ሲል የሚያፏጨውም በከፊል በዚህ ነው። በፓራፊንና በንብ ሰም ነክሮ ማስተካከል ይቻላል፣ እኔ ግን የእንጨቱ ትንፋሽ የሚገባውም በዚያው በኩል ይመስለኛል፤ አልነካሁትም።

እንግዲህ ሰርግ ላይ በትልቅ ስፒከር፣ ድምፅ አስጩኸው ለሚጫወቱ ይሄን ዕቃ አልመክርም። አዲስ ሴሚ ሆሎው ባለ እውነተኛ ሀምበከር ይግዙ፣ ዕድሜ ስለተባለም ብቻ 38 ሺህ አያውጡ። ለቤት፣ ለቀረጻ፣ ለትንሽ አዳራሽ ግን ዓይኔን አላሽም።

ለጉርምርምታው መላ አግኝቻለሁ። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ የቆመበትን አቅጣጫ ሲቀይሩት ረብሻው ይቀንሳል። ቅዳሜ ማታ አንድ ሆቴል ውስጥ ለታዳሚው ጎኑን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ኩሽናው አዙሮ የሚጫወት ጊታሪስት ካያችሁ አኩርፎ አይደለም። እኔ ነኝ።