አብላጫ ድምፅ ወይስ ተመጣጣኝ ውክልና?

አንድ አገር ወደ መድብለ ፓርቲ ምርጫ ሲመለስ መቀመጫ በየትኛው ስልት ይከፋፈል የሚለው ክርክር ደሴ ፒያሳም ቡና ሲጠጣ ይነሣል። ባለፈው አንድ ወዳጄ በደረሰኝ ጀርባ አራት ዕጩዎች ጽፎ መቶ ድምፅ አከፋፈለላቸው፦ 34፣ 25፣ 23፣ 18።

አብላጫ ድምፅ፦ ባለ 34ቱ ወንበሩን ይወስዳል፤ የ66ቱ ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ መድብለ ፓርቲ ስትመለስ ተቃዋሚዎች በመከፋፈላቸው ፕሬዚዳንት ሞይ ከመቶ 36 ገደማ ድምፅ አግኝተው ሲያሸንፉ፣ ፓርቲያቸው ካኑ ከ188 መቀመጫዎች 100 ወሰደ። በእኛም አገር በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ምክር ቤቱን ሙሉ በሙሉ ያዙት። ቆጠራው ግን ቀላል ነው፤ የኮምቦልቻ ነዋሪም ስለ ቦርከና ወንዝ ብክለት አቤት የሚልበትን ሰው በስም ያውቀዋል።

ተመጣጣኝ ውክልና፦ ፓርቲዎች የዕጩ ዝርዝር አቅርበው ባገኙት ድምፅ ልክ መቀመጫ ይካፈላሉ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ከ400 መቀመጫዎች አምስቱን ከመቶ 1.25 ድምፅ ላገኘ ፓርቲ ሰጥታለች። በዝርዝሩ የዕጩዎችን ተራ የሚወስነው ግን የፓርቲው ጽሕፈት ቤት በመሆኑ ተመራጩ ከመራጩ ይልቅ አለቃውን ሊፈራ ይችላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ወደ ሁለተኛው መቀየሩም ቀላል አይደለም፦ የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 አብላጫ ድምፅን ስለሚደነግግ፣ ለውጡ የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅንና ከክልል ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛዎቹን ይሁንታ ይጠይቃል።

ፓርቲዎች ጥቂትና ጠንካራ ሲሆኑ፣ መራጩም የአካባቢውን ተጠሪ አጥብቆ ሲፈልግ የመጀመሪያው ይስማማል። ከግጭት ለወጣችና ተሸናፊዎቿ ምክር ቤት ካልገቡ ውጤቱን ላይቀበሉ ለሚችሉባት አገር ሁለተኛው ይሻላል።