የጥገና ግምቱን መስመር በመስመር ያስረዳኝ ጋራዥ

መኪናዬ ከፊት ከተገጨች በኋላ ኢንሹራንሱ በፎቶ ብቻ የሠራውን ግምት ላከልኝ። አንድ ገጽ ሙሉ ቁጥር ነው። ምንም አልገባኝም። ጋራዡ ግን ወረቀቱን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ አስረዳኝ፤ ለዚህ ብቻ እንኳን አምስት ኮከብ ይገባቸዋል። መለዋወጫ ለብቻ፣ የእጅ ዋጋ በሰዓት፣ ቀለም ለብቻ። "ይቀየር" እና "ይጠገን" የሚሉት ቃላት ዋጋውን ምን ያህል እንደሚለያዩት ያኔ ነው ያየሁት።

ከዛ ፓራውልቱን ሲፈቱት ከኋላው ያለው ብረት ተጣሟል፣ የራዲያተሩ መያዣም ተሰንጥቋል። ይሄ በፎቶ አይታይም። መካኒኩ "ቆይ፣ ገና አንነካውም" አለና ፎቶ አንስቶ ተጨማሪ ግምት ጠየቀልኝ። ዝም ብሎ ቢሠራው ኖሮ ኢንሹራንሱ ሳላየው አልከፍልም ሊል ይችል ነበር። ከኪሴ የወጣው ውሉ ላይ ያለው የራሴ ድርሻ ብቻ ነው፤ በነገራችን ላይ ይህ ድርሻ ከግምቱ ተቀንሶ ስለሚመጣ ክፍያው አነሰ ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

ቅር ያለኝ መዘግየቱ ነው። ተጨማሪው እስኪጸድቅ ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩ፣ ከኢንሹራንሱ ደውሎ የነገረኝ ሰው የለም።